የሰርቨር ዝምታ የሰላም ምልክት አይደለም

«ሲስተም የለም» የሚለው መልስ በየመስኮቱ ከምንሰማቸው መልሶች ሁሉ የተለመደው ሳይሆን አይቀርም። ገንዘብ ሊያወጣ የሄደ፣ ግብር ሊከፍል የተሰለፈ፣ የውልና ማስረጃ ጉዳይ ይዞ የመጣ ሁሉ ይህንኑ ሰምቶ ይመለሳል። በማግስቱ ሲመጣ ሲስተሙ ሠርቷል፤ ጉዳዩ ያልቃል፤ ነገሩም ይረሳል። ትናንት ለምን ቆሞ እንደነበር የሚጠይቅ የለም፤ ቢጠይቅም «ተስተካክሏል» ከማለት ያለፈ መልስ አያገኝም። ብዙዎቻችን ይህን ከሠራተኛ ቸልተኝነት ወይም ከመሥሪያ ቤት ምስጢረኝነት እንቆጥረዋለን። እኔ ግን ከምንገምተው በላይ በሆነ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ምክንያቱን አያውቀውም እላለሁ። የማያውቀውም ሲስተሙ ሲቆም ምን እንደተፈጠረ መጻፍ የነበረበት አገልግሎት ቀድሞ ስለቆመ፣ ወይም የጻፈው ስለጠፋ፣ ወይም መኖር አለመኖሩን የሚከታተል ሰው ስላልተመደበ ነው። ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ማንኛውም ተቋም የሲስተሙን መዝገብ እንደ ትርፍ ነገር ማየቱን ትቶ ራሱን እንደቻለ አገልግሎት ሊጠብቀው፣ በየቀኑ ሊፈትነውና ሊጠየቅበት ይገባል፤ ክርክሬ ይኸው ነው።

ከባንክ መተግበሪያዎች፣ ከመንግሥት ድረ ገጾችና ከቴሌኮም አገልግሎቶች ጀርባ ካሉት ሰርቨሮች እጅግ ብዙዎቹ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ደግሞ የሚያደርገውን እየጻፈ የሚሄድ ሥርዓት ነው። ማን በስንት ሰዓት ገባ፣ የይለፍ ቃል የተሳሳተው ማን ነው፣ የትኛው ፕሮግራም ተነሣ፣ የትኛው ወደቀ፣ ዲስኩ ላይ ማንበብ ያቃተው መቼ ነው፣ ሜሞሪ ሲያልቅ ሲስተሙ የትኛውን ፕሮግራም ዘጋ፤ ይህ ሁሉ ከነሰዓቱ ይሰፍራል። የሙያው ሰዎች ሎግ ይሉታል። ሎጉን ከየፕሮግራሙ የሚቀበል፣ የሚለይና በቦታው የሚያስቀምጥ የተለየ አገልግሎት አለ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ አገልግሎት ራሱ ፕሮግራም መሆኑ ነው። እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ይወድቃል፣ ቦታ ያጣል፣ ይጨናነቃል፣ ፋይል ለመጻፍ ፈቃድ ይከለከላል። ሌላው ሲወድቅ መዝግቦ ያስቀምጣል፤ እሱ ሲወድቅ ግን የሚታየው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ባዶ ቦታ ደግሞ ችግር ከሌለበት ቀን ጋር ፍጹም ይመሳሰላል።

የሥራው አባት ሲስሎግ ነው። ኤሪክ ኦልማን የተባለው ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ሴንድሜይል የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ሲሠራ ለዚያው ብሎ ያዘጋጀው ነበር፤ ጥቅሙ ታይቶ በዩኒክስ ዓለም ሁሉ ተስፋፋ። ሲስሎግ ካወረሰን ነገር ትልቁ መልእክትን በክብደቱ መለየት ነው። ከ0 እስከ 7 ስምንት ደረጃዎች አሉት፤ 0 ሲስተሙ ከጥቅም ውጪ ሆኗል ማለት ነው፣ 3 ስሕተት፣ 4 ማስጠንቀቂያ፣ 7 ደግሞ ለፕሮግራመር ብቻ የሚጠቅም ዝርዝር። ከዚያ ወዲህ ሲስሎግ ኤንጂ በ1998፣ አርሲስሎግ በ2004 መጡ። በ2011 ሌናርት ፖተሪንግና ኬይ ሲቨርስ የሊኑክስን አገልግሎቶች የሚያስነሣው የሲስተምዲ አካል የሆነውን ጆርናልን አስተዋወቁ። ዛሬ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ መልእክቱን መጀመሪያ የሚቀበለው ጆርናልዲ የተባለው የጆርናሉ አገልግሎት ነው፤ አርሲስሎግ ከተጫነ ከእሱ እየተቀበለ በጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል ወይም ወደ ሌላ ማሽን ይልካል። ይህ ቅብብል አንዱ ጋ ሲበጠስ ሌላው ጋ የሚታይ ነገር አይኖርም። በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 የተባለ የሊኑክስ ሥርጭት አርሲስሎግን ከመነሻው መጫን ሲተው፣ ለዓመታት የለመዱትን የጽሑፍ ፋይል የሚከፍቱ አስተዳዳሪዎችና የሚከታተሉ ስክሪፕቶች ፋይሉን አጡት። ሎጉ ግን አልጠፋም፤ ጆርናል ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሰው የሚያይበት ቦታና መዝገቡ ያለበት ቦታ ተለያይተው ነው እንጂ።

ይህ አገልግሎት በምን በምን መንገድ እንደሚወድቅ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ክርክሩ የቆመው እዚያ ላይ ነውና። የመጀመሪያው የዲስክ መሙላት ነው። አንድ ፕሮግራም ለሙከራ ተብሎ ዝርዝር ሁሉ እንዲጽፍ ከተደረገ በኋላ ወደ ነበረበት ሳይመለስ ይቀራል። ፋይሉ ያብጣል፣ ዲስኩ ይሞላል፣ የሁሉም ፕሮግራም ሎግ በአንድነት ይቆማል። ከዚህ የባሰው ጥገናው ነው። የተቸገረው ባለሙያ ትልቁን ፋይል ፈልጎ ይሰርዘዋል፤ ዲስኩ ግን አሁንም መቶ በመቶ ሞልቷል ይላል። ፋይሉን ከፍቶ የያዘው ፕሮግራም እስካልለቀቀው ድረስ ስሙ ይጠፋል እንጂ ቦታው አይመለስም። ፕሮግራሙም በተለመደው መንገድ ሊከፈት በማይችለው በዚያው ስም አልባ ፋይል ላይ መጻፉን ይቀጥላል። ያ ፕሮግራም ዳግመኛ ሲነሣ የጻፈው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። አሮጌ ሎግን እየጠቀለለ የሚያስቀምጠው ሎግሮቴት ሲሳሳትም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል፤ ፋይሉን ቀይሮ ለፕሮግራሙ «አዲሱን ክፈት» የሚለውን ምልክት ካልላከ አዲሱ ፋይል ባዶውን ይቀመጣል፣ ጽሑፉ ወደ አሮጌው ይሄዳል። አንዳንዴ ደግሞ ዲስኩ ባዶ ቦታ እያለው ፋይል መፍጠሪያ ቁጥሩ ያልቃል፤ ያንን ለብቻው ካልፈተሹት በቀር ምንም የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም።

ሁለተኛው መንገድ በእኛ አገር ሁኔታ ይበልጥ ይከፋል። ጆርናልዲ በመነሻ አሠራሩ በዲስኩ ላይ የተዘጋጀለት ማህደር ካለ እዚያ ይጽፋል፤ ማህደሩ ከሌለ ግን በሜሞሪ ላይ ይጽፍና ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ይህን ከልማዳችን ጋር አያይዛችሁ እዩት። ሰርቨር ሲያቃስት ከአይቲ ክፍል የሚመጣው የመጀመሪያ ትእዛዝ «ሪስታርት አድርገው» ነው። ሪስታርት ይደረጋል፣ አገልግሎቱ ይመለሳል፣ ምክንያቱ ግን በዚያች ቅጽበት ከሜሞሪ ጋር ይጠፋል። በሳምንቱ ያው ችግር ሲመለስ ያው መፍትሔ ይሰጣል። መብራት በድንገት ሲቋረጥም የባሰ እንጂ የተሻለ ነገር አይመጣም፤ በዲስክ ላይ ይጻፍ የነበረ የጆርናል ፋይል ሳይዘጋ ይቀርና ሲስተሙ በተነሣ ጊዜ ፋይሉ እንደተበላሸ ወይም በትክክል እንዳልተዘጋ ቆጥሮ ወደ ጎን ያስቀምጠዋል። አብዛኛው ይዘት ያኔም ሊነበብ ይችላል፤ የሚጠፉት ግን የመጨረሻዎቹ መስመሮች ናቸው። ለምርመራ ከሁሉ በላይ የሚፈለጉትም እነዚያው ናቸው።

ሦስተኛው መንገድ በሥርዓቱ ንድፍ ውስጥ ሆን ተብሎ የገባ ነው። አንድ ፕሮግራም ያለ ልክ ሲጮህ ሌላውን እንዳያፍን ጆርናልዲ ገደብ ያደርጋል፤ በመነሻ ቅንብሩ አንድ አገልግሎት በ30 ሰከንድ ውስጥ ከ10,000 ገደማ በላይ መልእክት ከላከ ትርፉ ይጣላል። ተጣለ የሚል አንድ መስመር ይጻፋል እንጂ የተጣለው አይመለስም። ገደቡ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሲስተም በብዛት የሚጮኸው በሚወድቅበት ሰዓት ስለሆነ መዝገቡ የሚሳሳው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ሎግን ወደ ሌላ ማሽን የሚልኩም ቢሆኑ አይድኑም። የጥንቱ ሲስሎግ በዩዲፒ፣ በ514 በር የሚልክ ነው። ይህ አላላክ መድረሱን አያረጋግጥም፤ መንገድ ላይ የጠፋውን መልእክት ላኪውም አያውቅ፣ ተቀባዩም አልጠበቀ።

አራተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። የድሮው የሲስሎግ አጻጻፍ ወርን፣ ቀንንና ሰዓትን ይጽፋል፤ ዓመቱንና የሰዓት ቀጠናውን ግን አይጽፍም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው አዲሱ መስፈርት ይህን አርሟል፤ በአሮጌው የሚጽፉ ሰርቨሮች ግን ዛሬም ብዙ ናቸው። ለእኛ ችግሩ እጥፍ ነው። ብዙ ሰርቨሮች በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሠራሉ፤ አዲስ አበባ ከዚያ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች፤ ሕዝቡ ደግሞ ሰዓቱን የሚቆጥረው ከጠዋት ጀምሮ ነው። ሎጉ «ማክሰኞ 22፡40» የሚለው ድርጊት በባንኩ ኮምፒውተር ረቡዕ 1፡40፣ በደንበኛው አፍ ደግሞ የማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ከ40 ነው። አቤቱታ የሚቀበለው ሠራተኛ ይህን ሳያመሳክር 7፡40 ብሎ ቢፈልግ ምንም አያገኝም፤ «በዚያ ሰዓት የተፈጠረ ነገር የለም» ብሎም ደንበኛውን ይመልሳል። መዝገቡ እያለ ሰው እንደ ውሸታም ተቆጥሮ የሚሄደው እንዲህ ነው። የሁሉም ማሽኖች ሰዓት ከአንድ ምንጭ ካልተስተካከለም የአምስት ሰርቨሮች ሎግ አንድ ላይ ሲነበብ ውጤቱ ከምክንያቱ ቀድሞ ይገኛል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው፦ ስሕተት ያልተጻፈበት መዝገብ ስሕተት አለመኖሩን አያረጋግጥም። ይህን ዋጋ ከፍለው የተማሩ ትልልቅ ድርጅቶች አሉ። የአሜሪካው የብድር መረጃ ድርጅት ኢኩዊፋክስ እ.ኤ.አ. በ2017 በሰርጎ ገቦች ለ76 ቀናት ሲዘረፍ አላወቀም፤ ወደ 147 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች መረጃ ተወሰደ። የመረብ ትራፊኩን የሚመረምር መሣሪያ ነበረው፤ ነገር ግን የመሣሪያው የምስክር ወረቀት ጊዜው አልፎ ስለነበር የተመሰጠረውን ትራፊክ ሳያይ ያሳልፍ ነበር። የምስክር ወረቀቱ በሐምሌ ወር መጨረሻ ሲታደስ አጠራጣሪው እንቅስቃሴ ወዲያው ታየ። መሣሪያው በሥራ ላይ ነበረ፤ ዝም ስላለም ሰላም የሆነ መሰላቸው። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ከሁለት ሳምንት በላይ የአንዳንድ የደመና ደንበኞቹ የደኅንነት ሎግ በከፊል ጠፍቶበታል። ምክንያቱ ሎግ የሚልከው የራሱ ፕሮግራም ላይ የተፈጠረ ብልሽት ነበር። የዓለም ትልቁ የሶፍትዌር ኩባንያ እንዲህ ከሆነ፣ ከአምስት ዓመት በፊት የተዋቀረውን ሰርቨር ማንም ሳያየው «ይመዘግባል» ብሎ መተማመን ምን ያህል እንደሚያዋጣ መገመት አያዳግትም።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም፤ ተራ ሥርዓት ነው። ሊኑክስ ሎገር የሚባል ትንሽ ትእዛዝ አለው። በእርሱ አንድ የሙከራ መልእክት ይላካል፤ ከዚያ መልእክቱ በጆርናል ውስጥ፣ በጽሑፍ ፋይሉና በሩቁ ማሽን ላይ መድረሱ ይታያል። የጠፋበት ቦታ የተበጠሰበትን ቦታ ይናገራል። ጆርናል ውስጥ ካለና ፋይሉ ላይ ከሌለ ችግሩ አርሲስሎግ ወይም የፋይሉ ፈቃድ ጋ ነው፤ ፋይሉ ላይ ካለና ሩቁ ማሽን ላይ ከሌለ ችግሩ መረቡ ወይም ፋየርዎሉ ጋ ነው፤ ጆርናሉም ውስጥ ከሌለ ዲስኩንና ጆርናልዲን ራሱን መመርመር ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ የሚለው የአበው አነጋገር ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። ይህ ሙከራ ሲስተም ከወደቀ በኋላ ሳይሆን በየቀኑ፣ በራሱ እንዲሠራ ሊደረግ ይገባል፤ መልእክቱ በሰዓቱ ካልደረሰ ስልክ ይደወል። እስካሁን ክትትሉ ሁሉ መጥፎ መልእክት ሲመጣ የሚነቃ ነበር፤ የጎደለው የሚጠበቅ መልእክት ሲቀር የሚነቃው ነው።

ሁለተኛው ሥርዓት ቅጂው በሌላ ማሽን መቀመጡ ነው። ሰርጎ የገባ ሰው ሙሉ ሥልጣን ካገኘ መጀመሪያ የሚያጸዳው የራሱን ዱካ ነው፤ ዱካው ያለው በዚያው ማሽን ላይ ብቻ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። በእድር ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ ሁለት ሰዎች የሚሆኑት ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ገንዘቡን የያዘው መዝገቡንም ከያዘ የሚቆጣጠረው አይኖርም። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ሰው የሎጉን ማከማቻ መሰረዝ መቻል የለበትም። አላላኩም በዩዲፒ ሳይሆን መድረሱን በሚያረጋግጥና በሚመሰጥር መንገድ ይሁን፤ ሩቁ ማሽን ሲጠፋ መልእክቱን በዲስክ ይዞ የሚጠብቅ ወረፋም ይኑረው። አርሲስሎግ ሁለቱንም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይችላል።

መዝገብ መኖሩ ምን እንደሚያደርግ በቅርብ አይተናል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ባጋጠመ እክል ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ አንቀሳቀሱ፤ ባንኩ የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አስታወቀ። ባንኩ እያንዳንዱን ሰው ለይቶ ገንዘቡን እንዲመልስ መጠየቅ፣ ያልመለሱትንም ስም ይፋ እስከ ማድረግ መድረስ የቻለው የእያንዳንዱ ዝውውር መዝገብ ስለነበረው ነው። እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች መለየት አለባቸው። ማን ምን ያህል ወሰደ የሚለውን የሒሳብ መዝገቡ ይመልሳል። ሲስተሙ ለምን በሩን ከፈተ የሚለውን የሚመልሰው ግን የሲስተሙ ሎግ ነው፤ እክሉ በተፈጠረበት ሌሊት ምን እንደተቀየረ፣ ማን እንደቀየረው፣ የመጀመሪያው የስሕተት መልእክት ስንት ሰዓት ላይ እንደመጣና ማንም ሳያየው ስንት ሰዓት እንደቆየ። የመጀመሪያው ጥያቄ ደንበኛውን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ተቋሙን ይጠይቃል። ሁለቱም እኩል መዝገብ ሊኖራቸው ይገባል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። አንደኛው ወጪ ነው፤ ዲስክ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ሎግ ደግሞ ቦታ ይበላል ይባላል። እውነት ነው ሎግ ይበዛል፤ ነገር ግን ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ሲጨመቅ በጣም ያንሳል፤ ሁሉንም ለዘላለም መያዝም አያስፈልግም። ይልቅ አደጋው በተቃራኒው በኩል ነው። ጆርናልዲ በመነሻ ቅንብሩ የሚይዘው ከዲስኩ 10 በመቶ፣ ቢበዛም 4 ጊጋባይት ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ የቆየውን እየሰረዘ ይሄዳል። ሥራ የሚበዛበት ሰርቨር ይህን በቀናት ውስጥ ሊሞላው ይችላል። ወጪው ምን እንደሚገዛ ደግሞ የ2023ቱ የማይክሮሶፍት ኢሜይል ሰርጎ ገብነት ያሳያል። ጥቃቱን ቀድሞ ያስተዋለው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ያስተዋለውም ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቀውን ዝርዝር ሎግ ገዝቶ ስለነበር ነው። ያልገዙት የሚያዩበት ዓይን አልነበራቸውም። ኩባንያውም በዚያው ዓመት ያንን ሎግ ለብዙ ደንበኞች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለመስጠት ተገደደ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብደኛል፤ ሎግ ራሱ አደገኛ ነው የሚለው ነው። ማን መቼ ከየት እንደገባ የሚያስቀምጥ መዝገብ በመጥፎ እጅ የስለላ መሣሪያ ይሆናል። በግዴለሽነትም ይጎዳል። ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2018 የይለፍ ቃሎች ሳይመሰጠሩ በውስጥ ሎጉ ውስጥ ሲጻፉ እንደነበር አውቆ 330 ሚሊዮን ተጠቃሚዎቹን ቀይሩ ብሎ መክሯል። በታኅሣሥ 2021 ደግሞ ሎግፎርጄ በተባለው የጃቫ ሎግ መጻፊያ ላይ የተገኘው ቀዳዳ ሎግ መጻፍ ራሱ ለሰርጎ ገብ በር ሊሆን እንደሚችል ለዓለም አሳየ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ የሚያስተምረው ግን ምን እንደሚጻፍ መወሰን እንዳለበት ነው። የይለፍ ቃል፣ የካርድ ቁጥር፣ የሕመምተኛ መረጃ ሎግ ውስጥ ምንም ቦታ የለውም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የምክር ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሕግ ጉዳይ ሆኗል። ደግሞም የግል መረጃ መጠበቁን ማረጋገጥ የሚቻለው በምንድን ነው? የአንድን ዜጋ ፋይል ያለ ሥራው የከፈተ ሠራተኛ የሚያዘው ሎግ ስላለ ብቻ ነው። መዝገብ የሌለበት ቤት ለባለመረጃው ይበልጥ አስተማማኝ ነው ማለት ሰላዩ ሳይታይ ይግባ እንደማለት ነው።

ሦስተኛው የሰው ኃይል ነው። በቀን ሚሊዮን መስመር ማን ያነበዋል? ማንም አያነበውም፤ ማንበብም አያስፈልግም። ከላይ ያነሣናቸው ስምንት የክብደት ደረጃዎች ለዚህ ነው የተሠሩት፤ ከ0 እስከ 3 ያለው ብቻ ተለይቶ ለሰው ይቅረብ፣ ሌላው ለምርመራ ቀን ተቀምጦ ይጠብቅ። የሰው ኃይል እጥረት እንዲያውም ለሎግ የሚከራከር ምክንያት ነው፤ ጥቂት ባለሙያ ያለው ተቋም በግምት ሰዓት ማባከን አይችልም። ከዚሁ ጋር የሚነሣው «ሲስተሙን የሸጠልን የውጭ ኩባንያ ነው፣ ሎጉ እሱ ጋ ነው» የሚለው መልስ ነው። ይህ ተቃውሞ አይደለም፤ የውል ጉድለት ነው። የሎጉ ባለቤት ገዢው መሆኑና ቅጂው አገር ውስጥ በገዢው ማሽን ላይ መቀመጡ በጨረታው ሰነድ ላይ ካልተጻፈ፣ ሻጩ የራሱን ስሕተት የሚያሳየውን ብቸኛ ማስረጃ ይዞ ዳኛ ይሆናል።

ይህ ወደ አራተኛው ተቃውሞ ይወስደናል፤ ሎግ ሠራተኛን መወንጀያ ዱላ ይሆናል የሚለው። ፍርሃቱን እረዳለሁ፤ የታየው ግን በተቃራኒው ነው። በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2015 ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ፖስታ ቤት አስተዳዳሪዎች ፉጂትሱ የሠራው ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሲስተም ጉድለት አሳየ ተብሎ በስርቆትና በማጭበርበር ተፈርዶባቸዋል። ሲስተሙ አይሳሳትም ተብሎ ስለታመነ የሰዎቹ ቃል ተሰሚ አልነበረም። በ2019 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሆራይዘን በርካታ ብልሽቶች እንደነበሩበት ሲወስን ከረዱት ማስረጃዎች መካከል ፖስታ ቤቱ ለማቅረብ ያንገራገረው የታወቁ ስሕተቶች መዝገብ ይገኝበታል። በ2024 ፓርላማው ፍርዱን በጅምላ የሚሽር ሕግ እስከ ማውጣት ደረሰ። እነዚያን ሰዎች የጎዳቸው መዝገቡ አይደለም፤ የተደበቀውና ያልተመረመረው መዝገብ ነው። ንጹሕ ሠራተኛ ራሱን የሚከላከልበት ከሎግ የተሻለ ጠበቃ የለውም፤ ጠበቃው እንዲሠራለት ግን መዝገቡን ማየት የሁለቱም ወገን መብት መሆን አለበት።

ሕጋችን መንገዱን በከፊል ጠርጓል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል። ግዴታው ስለ ትራፊክ ዳታ እንጂ ስለ ሲስተም ሎግ ሁሉ አይደለም፤ መንፈሱ ግን ግልጽ ነው። ልብ በሉ፤ ሕጉ የሚለካው በጊዜ ነው፣ የሊኑክስ መነሻ ቅንብር ግን በመጠን ነው። ሰርቨሩን እንደመጣ የተወ ሰው አራት ጊጋባይት ሲሞላ ስንት ወር እንደቀረው ሳያውቅ የቆየውን ይሰርዛል። የጎደለው የመጠበቅ ግዴታ ብቻም አይደለም፤ የማስረዳት ግዴታ ነው። የሕዝብ አገልግሎት ለሰዓታት ሲቋረጥ ተቋሙ በተወሰነ ቀን ውስጥ ምን እንደተፈጠረ፣ መቼ እንደታወቀና ምን እንደተለወጠ በጽሑፍ ለሕዝብ ሊናገር ይገባል። እንዲህ ያለ ግዴታ ሲኖር ሎግ የአይቲ ክፍል ጉዳይ መሆኑ ይቀራል፤ የሥራ አስኪያጁ ጉዳይ ይሆናል። አለዚያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኖ፣ ምርመራ የሚጀመረው ማስረጃው ከተሰረዘ በኋላ ነው።

ስለዚህ ለየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የምለው አጭር ነው። የፕሮግራም ቋንቋ ማወቅ አይጠበቅብዎትም። ነገ ጠዋት የአይቲ ክፍልዎን ኃላፊ ጠርተው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ትናንት ሌሊት የተላከው የሙከራ መልእክት ዛሬ በሁለተኛው ማሽን ላይ አለ ወይ? ሰርቨሩ ዛሬ ሪስታርት ቢደረግ የትናንቱ ሎግ ይቀራል ወይ? ከስድስት ወር በፊት የሆነውን ማውጣት እንችላለን ወይ? ለሦስቱም «አዎ» የሚል መልስ ከነማሳያው ማቅረብ የማይችል ተቋም ሲስተሙ በወደቀ ማግስት «ችግሩ ተለይቶ ተፈትቷል» የሚል መግለጫ ማውጣት የለበትም። ችግሩን የሚለይበት ነገር የለውምና።